የመጋዙ ማዶ ጫፍ

ግንዱ የሚሉት እንጨት ቆራጭ መጋዙን በትከሻው አጋድሞ፣ መጥረቢያ፣ መዶሻና ሽብልቅ የያዘ ከረጢት አንግቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ሊያመጡት የተላኩት ሁለት ወታደሮች ከኋላው እየተንሸራተቱ መሬቱን በየተራ በመቀመጫቸው ይለኩት ነበር። የሌሊቱ ዝናብ ገና ከቅጠል ላይ ተንጠባጥቦ አላለቀም። መጋዙ ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ በሁለቱም ጫፉ የእንጨት እጀታ አለው፤ በየእርምጃው ይርገበገብና ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ከወታደሮቹ አንዱ ወሬ የሚወድ ቢጤ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሰውየውን ሊያነጋግረው ሞክሮ፣ በመጨረሻ ከመጋዙ ጋር ማውራት ይሻላል ብሎ ተወው።

እውነቱን ነበር። "ግንዱ" የሚለውን ስም ሰፈሩ ያወጣለት በከንቱ አይደለም። እንዴት አደርክ ቢሉት "እህ" ይላል፤ ዝናቡ ከበደ ቢሉት ሰማዩን አይቶ ይመለሳል። ቤቱ ሰፈሩ አልቆ ጫካው ሊጀምር ሲል ብቻዋን የቆመች ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት በርጩማ አላት። ሁለተኛው በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን ማንሳቱን አልደፈረም፤ ሞረዱንና የመጋዙን ዘይት ያስቀምጥበታል።

ያን ጊዜ በአልጋ ወራሹና በአጎቱ መካከል የተነሳው ጦርነት ሦስተኛ ክረምቱን ይዞ ነበር። ጦርነቱ እስከዚያ ማለዳ ድረስ ግንዱን አላገኘውም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ብዙ ነገር ሳያገኘው ያልፋል።

ገደሉ አፋፍ ላይ ሻለቃው ቆመው ነበር። ካባቸው ረጥቦ ተጣብቆባቸዋል፤ ሩቅ የሚያሳየውን የናስ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከሥራቸው ወንዙ ደፍርሶ ይጮኻል።

"እንጨት ቆራጩ ይሄ ነው?" አሉ።

"አዎን ጌታዬ። አይናገርም እንጂ እሱ ነው" አለ ወሬኛው።

"እንዲናገር አይደለም የጠራሁት።" ወደ ግንዱ ዞሩ። "ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። ያውና ማዶ ቁስለኞቻችን ናቸው፤ አስታማሚዎቻቸውም አብረው አሉ። ከእነሱ ኋላ ጠላት እየመጣ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ይደርስባቸዋል። ይህን ዛፍ ማዶ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጣልልኝ።"

ዛፉ አሮጌ ዝግባ ነው፤ አፋፉ ላይ ይቆማል። ግንዱ መጥረቢያውን ከከረጢቱ አውጥቶ ከእጀታው ጫፍ በሁለት ጣት ይዞ አንጠለጠለው። መጥረቢያ እንዲህ ሲንጠለጠል ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ከግንበኛ ቱንቢ አይለይም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እጀታውን ከዛፉ ጋር አስተያየ፤ መጀመሪያ ከኋላ፣ ቀጥሎ ዞሮ ከጎን። አንዱን ጎን ብቻ አይቶ የሚቆርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ለሁለተኛ ዛፍ አይተርፍም።

ከጎን ሲያየው ዛፉ ወደ ገደሉ ጥቂት አጎንብሷል፤ ይህ ደግ ነው። ከኋላ ሲያየው ግን ወደ ወንዙ ታችኛው በኩል ክፉኛ አጋድሏል፤ ቅርንጫፎቹም ፀሐይ ፍለጋ በዚያው በኩል ተከምረዋል። ዝም ብለው ቢቆርጡት አፋፉን ታክኮ ይወድቅና መሃል ካለው ቋጥኝ ላይ ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ የውሃው ነው። ገደሉን የሚሞላ ቁመት ያለው ሌላ ዛፍ ደግሞ በአካባቢው የለም።

"ይቻላል?" አሉ ሻለቃው።

"ሰው ከተገኘ።"

"ስንት ሰው?"

"ገመድ የሚይዝ ሃያ። ለመጋዙ አንድ።"

"ሃያውን አሁን እሰጥሃለሁ። አንዱም አይጠፋም።"

"የሚጠፋው አንዱ ነው ጌታዬ" አለ ግንዱ።

ቀና ብሎ ማዶውን ያየው ያን ጊዜ ነው። ቁስለኞቹ በቃሬዛ ተደርድረዋል፤ ሴቶች በመካከላቸው ይመላለሳሉ። አንዲት አጭር ሴት የጥይት ሳጥን ላይ ቆማ ለሰዎች ወዲያ ወዲህ እያመለከተች ታዝዛለች። ፊቷ ከዚያ ርቀት አይለይም። ሳጥን ላይ መቆሟ ግን፣ ወገቧን በአንድ እጇ መያዟ፣ ራሷን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጋ ሰው ሲያጠፋ ማየቷ! ግንዱ መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ። ሚስቱ ነበረች።

ሰባት ዓመት አብረው ሲኖሩ የመጋዙ ማዶ ጫፍ የእሷ ነበር። የመንደሩ ሰው መጀመሪያ ስቆባቸዋል፤ ኋላ ግን ሳቁን ትቶ ለመቁረጥ የሚከብደውን ዛፍ ሁሉ ለሁለቱ ያመጣ ጀመር። ሁለት ሰው የሚይዘው መጋዝ አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ትስባለህ እንጂ አትገፋም። ስበህ ስታበቃ እጅህን አላልተህ ለጓደኛህ ትተውለታለህ። የምትገፋ ከሆነ ምላጩ ይታጠፋል፣ ጓደኛህም ይናደዳል። እሷ ይህን በአንድ ቀን ለመደችው። ከዚያም የራሷን ጨመረችበት። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ስባ ስትጨርስ ክርኗ ከእጀታው በታች ይቀራል፤ ስለዚህ በመጨረሻው ላይ የእጇን አንጓ ጥቂት ቀና ታደርጋለች። ያቺ ቀና ማለት ሰጋቱራውን ታራግፍና መጋዙን ታቀለዋለች። ሌላ ሰው እንዲህ ሲስብ አላየም። ዓይኑን አስረው እጀታ ቢያስጨብጡት እንኳ ማዶ ያለችው እሷ መሆኗን ያውቃል።

ችግሩ ሌላ ጊዜ ነው፤ ማታ፣ ምድጃው ፊት፣ መጋዙ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል። እሷ ትናገራለች፤ እሱ "እህ" ይላል። ኋላ ኋላ እሷም እየቀነሰች መጣች። አንድ ቀን ማለዳ ጓዟን እየጠቀለለች፣ "እኔ የማውቀው እጅህን ነው" አለችው። "ያገባሁት እጅህን ነው። አፍህን የት ነው የጣልከው?" ግንዱ የሚለው ብዙ ነበረው። ግን የቱን አስቀድሞ የቱን እንደሚያስከትል ሲያስብ እሷ በሩን አልፋ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሱ ዝምታ እውነትም አልነቀዘም፤ የነቀዘው ትዳሩ ነው።

አሁን ዓይኑን ከማዶ ሳይነቅል በሆዱ ንግግር ማዘጋጀት ጀመረ። ዛፉ በደህና ከወደቀ እሷ በላዩ ትመጣለች፤ እሱም ጫፉ ላይ ቆሞ እጇን ይቀበላል፤ ከዚያም ይናገራል። "እንኳን በሰላም ተሻገርሽ። ቤቱ እንደተውሽው ነው። ብትመጪ ደስ ይለኛል።" ሦስት ነገር ብቻ። ሦስቱን እየደጋገመ በቃሉ ያዛቸው።

"ገመዱን ማን ያስር?" አለ ከሻለቃው አጠገብ የቆመ መኮንን።

ከጭፍራው መሃል አንድ ረጅም የአስር አለቃ ወጣ። ወታደሮቹ ሸንበቆው ይሉታል። "እኔ መሬት ላይ ቆሜም ግማሹን እደርስበታለሁ" ብሎ ሰውን አሳቀና ጫማውን አውልቆ ዛፉ ላይ ወጣ። ገመዱን ከላይ፣ ወፍራም ቅርንጫፍ ከዛፉ አካል ጋር በሚገናኝበት አሰረው። ሌላውን ጫፍ ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል፣ ማለትም ዛፉ ካጋደለበት በተቃራኒ ወስደው ቋጥኝ ላይ ጠመጠሙት፤ ዛፉ ወደሚወደው እንዳይሄድ ይዘው ሊያስቀሩት ነው።

ሸንበቆው ገና ዛፉ ላይ ሳለ ማዶ ያለችው ሴት እጇን አነሳች። ግንዱ ዙሪያውን አየ። ከእሱ በቀር ከዛፉ ሥር ማንም የለም። በሕይወቱ ለሰው እጁን አውለብልቦ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን የገዛ እጁ ከእሱ ሳይማከር ተነሳ። ፊቱም ፈገግ ሳይል አልቀረም፤ ወሬኛው ወታደር አይቶ ደንግጧልና።

ከዚያ በኋላ መጥረቢያው እንደ ወጣት ሰው መጥረቢያ ሠራ። በሚወድቅበት በኩል ለዛፉ አፍ ከፈተለት፤ ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ ሰያፍ። ሻለቃው ከኋላው ቆመው በመነጽራቸው ሲያነጣጥሩ ቆዩና፣ "ተሳስተሃል" አሉት። "አፉ ወደ ድንጋዩ አያይም። ወደ ላይኛው በኩል አልፏል።"

"ሲወድቅ ወደሚወደው በኩል መሳቡ አይቀርም ጌታዬ፤ የሚሳበውን ያህል አስቀድሜ አሳለፍኩለት።"

በዚያ ዓመት ከተናገራቸው ሁሉ ይህ ረጅሙ ሳይሆን አይቀርም። ሻለቃው ራሳቸውን ነቀነቁና መነጽራቸውን ሰበሰቡ።

ቀጥሎ የመጋዙ ነገር መጣ። ግንዱ የወደቀ ግንድ ላይ ሰዎቹን ይፈትን ጀመር። የመጀመሪያው ጎረምሳ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ነው፤ በሁለተኛው ስብ ላይ ገፋና ምላጩን አጎበጠው። "ሌላ" አለ ግንዱ። ሁለተኛው ስቦ ሲያበቃ እጀታውን አንቆ ያዘ፤ "ሌላ"። ሦስተኛው መጋዙን ሳይሆን ሰውየውን ሊያሸንፍ የመጣ ይመስላል። አራተኛው ወሬኛው ነው፤ ሲያወራ ስቡ ይቆማል።

"ሰውዬ፣ የምትመርጠው ሙሽራ ነው እንዴ?" ብለው ሻለቃው ተቆጡ። ከሩቅ መድፍ አጉረመረመ፤ ማዶ ያሉት ሴቶች ቃሬዛዎቹን ወደ አፋፉ ማስጠጋት ጀመሩ።

"እኔ ልሞክር" አለ ሸንበቆው፤ መዳፉን በሱሪው እየጠረገ። "አልችልም ብዬ ነው እንጂ ትንሽ ነካክቼዋለሁ።"

ጨበጠ። ግንዱ ሳበ፣ ተወ። ማዶው ሳበ፣ ተወ። አልገፋም። ግንዱ ደግሞ ሳበ። ሲተወው መጋዙ ወደዚያ ሄደ፤ እመጨረሻው ላይ ሲደርስ ጥቂት ቀና አለ፤ ሰጋቱራውም ፍልቅ ብሎ ወጣ።

ግንዱ ቆመ።

"ምነው? ገፋሁ እንዴ?" አለ ሸንበቆው።

ግንዱ እጀታውን ደግሞ ሳበ። ያው ነው። ያቺው ቀና ማለት። ይህ ሰው ከሁሉም ወታደር ረጅሙ ነው፤ ክርኑ ከእጀታው በላይ ይውላል እንጂ በታች አይቀርም። እጁን ቀና የሚያደርግበት አንዳች ምክንያት የለውም። ይህን አሳሳብ ካጭር ሰው ካልተማረው በቀር ከየትም አያመጣውም።

"ማን አስተማረህ?" አለ ግንዱ።

"መጋዝ? ምሽቴ ናት።" ሸንበቆው ሳቀ። "ሴት አስተማረችህ ብለህ እንዳትስቅብኝ። ለማገዶ ስንቆርጥ አንድ ቀን ብገፋ አበሳዬን ነው ያሳየችኝ። 'የሰው ተራ አትንካ!' ነው የምትለው። እሷ እዚህ ብትሆን እኮ ይሄን ሥራ ለእኔ አይሰጡኝም ነበር።"

"የት ናት?"

"ያቻትና ማዶ። ሳጥን ላይ የወጣችው። ቅድም ዛፉ ላይ ሆኜ አይታኝ እጇን ስታውለበልብ አላየሃትም?" ብሎ እጁን አነሳ። ማዶም አነሳች።

ግንዱ ማዶውን አላየም። ሰጋቱራውን አየ። እጁን ቅድም ማንሳቱ ከሁሉም በላይ አሳፈረው። ማንም አላወቀበትም፤ ግን እሱ ያውቃል። ሦስቱን ነገሮች በአንድ ጊዜ ሊረሳቸው ሞከረ፤ በቃሉ የያዘው ነገር ደግሞ በቶሎ አይለቅም።

"ሰው ተገኘ?" አሉ ሻለቃው።

"ተገኘ ጌታዬ" አለ።

ዛፉን ከኋላ ገቡበት። በአፉና በመጋዙ መካከል ሳይቆረጥ የሚቀር ስስ እንጨት አለ፤ ማጠፊያ ይሉታል፤ ዛፉ ሲወድቅ እንደ በር የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። ላጋደለ ዛፍ ማጠፊያውን እኩል አይተዉለትም፤ ባጋደለበት በኩል ይሳሳል፣ በተቃራኒው ይወፍራል፤ ወፍራሙ እንደ ልጓም ይዞ ያስቀረዋል። መጋዙ እኩል ከገባ፣ ወይም ወፍራሙን ከበላው፣ ዛፉ ልጓሙን በጥሶ ወደሚወደው ይሄዳል። ባጋደለበት በኩል የሚቆመው ሠራተኛ ያን ጊዜ የሚሸሽበት የለውም። ሙያው የቆየ ደንብ አለው፤ በዚያ በኩል የሚቆመው ዋናው ነው። ግንዱ ለሚስቱ አንድ ቀን እንኳ ያን ጎን ሰጥቷት አያውቅም። አሁንም እሱ በዚያ ቆመ፤ ከጀርባው ሁለት ክንድ ያህል መሬት፣ ከዚያ በኋላ ገደሉ።

ሳበ፣ ተወ። ሳበ፣ ተወ። ሸንበቆው በደህና ይሠራል። ክፉ ቢሆንለት ይሻለው ነበር። በየስቡ መጨረሻ ያቺ ቀና ማለት እየመጣች እጁ ውስጥ ትገባለች፤ ዓመታት ሙሉ በሌሊት ያሰባት ነገር በሌላ ሰው እጅ ተይዛ መጣችለት። ዓይኑን ቢጨፍን እሷ ናት። ስለዚህ አልጨፈነም።

ግማሽ ሲደርሱ ሸንበቆው ቀና ብሎ ገደሉን፣ ከዚያም ዘንበል ያለውን ዛፍ አየ። "ወንድሜ፣ አንተ ያለህበት ጎን ክፉ ነው። ዕድሜህም ከእኔ ይገፋል። እንቀያየር።"

ግንዱ ስቡን ሳያቋርጥ ለአፍታ አሰበበት። አሰበበት ቢባል ውሸት አይደለም። ጎን ይቀያየራሉ፤ እሱ በወፍራሙ በኩል ጥቂት አብዝቶ ይበላል፤ ዛፉ ደግሞ ድሮም ወደዚያው መውደቅ ይወዳል፤ አጋድሎ ነበር ይባላል፤ ማንም አይጠይቅም። ማዶ ያሉት ግን ማዶ ይቀራሉ። ሳጥኑ ላይ የቆመችውም ትቀራለች። ደግሞም መጋዙን ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ማሰቡ ራሱ አስጠላው።

"ቦታህን አትልቀቅ" አለው። "የኔ ጎን ነው።"

በስሱ በኩል፣ መጋዙ በከፈተው ስንጥቅ ውስጥ፣ ሽብልቅ ይገባ ጀመር። ግንዱ አንድ ስብ፣ አንድ ምት እያለ የብረት ሽብልቆቹን በመዶሻ ሲመታቸው ዛፉ እያቃሰተ ጥቂት ጥቂት ቀና ይላል። ከላይኛው በኩል ሃያዎቹ ገመዱን ወጥረው ይዘዋል። ነፋስ ተነሳ። ቅርንጫፎቹ ሲነቃነቁ ከወፍራሙ በኩል "ቀጭ!" የሚል ድምፅ ወጣ፤ ክር ክር ያለ እንጨት ተሰነጠቀ። ሃያዎቹ ጮኹ።

"ተው! ልቀቅ! ሂድ ወደ ላይ!" አለ ግንዱ።

"አንተስ?"

"ሂድ አልኩህ!"

ሸንበቆው እጀታውን ለቆ ሮጠ። ግንዱ መጋዙን መዘዘና ወደ ኋላ ወረወረው፤ ራሱ ግን አልሸሸም። የመጨረሻው ሽብልቅ ገና ግማሹ ነው የገባው። አሁን ትቶት ቢሄድ ዛፉ ተመልሶ ይተኛል። መዶሻውን በሁለት እጁ አንስቶ መታ። ደገመ። አፉ መዘጋት ሲጀምር አየው፤ አንዴ ጨመረለትና ዘልሎ ወደ ኋላ በሰያፍ ወጣ።

ዛፉ መጀመሪያ ወደ ላይኛው በኩል ሄደ። ሻለቃው "አዬ!" አሉ። ወዲያው ግን እንደ ልማዱ ወደ ታችኛው በኩል ይሳብ ጀመር፤ ወፍራሙ ማጠፊያ እየተቀደደ፣ እየተንጫጫ ያዘው፤ እንደያዘውም ጫፉ አየር ላይ ቅስት ሠርቶ ማዶ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አረፈ። ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች። ቅጠልና ውሃ ተረጨ። ከዚያ ከሁለቱም አፋፍ ጩኸት ተነሳ፤ ሰዉ ተቃቀፈ። ግንዱን ያቀፈው የለም፤ ምናልባት ሰው እንዴት እንደሚታቀፍ የሚያውቅ አልመሰላቸውም።

ቁስለኞቹ በወታደር ጀርባ ላይ እየታዘሉ መሻገር ጀመሩ። ከዛፉ ጎን ገመድ ተወጥሮ መደገፊያ ሆኗል። ሸንበቆው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ግንዱ ከጉቶው አጠገብ ቆሞ ለሚመጣው ሁሉ እጁን ይዘረጋል። መጨረሻ ላይ እሷ መጣች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ቀና ሳትል፣ እግሯን እያየች፣ በትንንሽ እርምጃ መጣችና የተዘረጋላትን እጅ ያዘች። እንደያዘችው ግን ቆመች። ፊቱን ሳታይ፣ እጁን እያየች፣ "አንተ ነህ" አለች።

"እኔ ነኝ።"

አሁን ቀና ብላ አየችው። ጸጉሯ ጥቂት ሸብቷል። ሦስቱ ነገሮች አፉ ላይ ደረሱ፤ አንዱም ግን አሁን የሚባል አልሆነም። ቤቱ እንዳለ መሆኑ ለማን ይጠቅማል? እሷ ግን እየጠበቀች ነው።

"ግራው በኩል እርጥብ ነው" አለ። "አላዳለጠሽም?"

"አላዳለጠኝም።" እጁን አልለቀቀችም። "ሌላስ?"

"ቅርፊቱን ልልጠው ነበር። ጊዜ አልነበረም።"

ከንፈሯ ሊስቅ ተነሳና ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ዛሬም?" አለችው፤ በቁጣ አልነበረም። እጇን ከእጁ ቀስ ብላ አወጣችና በመዳፉ ጀርባ ላይ አንድ ጊዜ መታ አደረገችው። "እግዜር ይስጥህ። ብዙ ሰው አተረፍክ።" ከዚያ ወደ ቃሬዛዎቹ ሄደች።

ጡሩምባ ተነፋ። ጭፍራው ዳገቱን መውጣት ጀመረ። ሻለቃው በቅሏቸው ላይ ሆነው፣ "ጠላት እንዳይከተለን ዛፉን ገደል ስደደው፤ ከዚያ ወደ ቤትህ ግባ" አሉት ለግንዱ። ሥራው ትንሽ ነበር። ዛፉ ጉቶው ላይ የቀረው በዚያችው በተቀደደችው ማጠፊያ ነው፤ እሷ በመጥረቢያ ከተቆረጠች በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ይገባል።

መጥረቢያውን ሲያነሳ ሸንበቆው ከዳገቱ እየሮጠ ተመልሶ መጣ። ፊቱ ላይ የጧቱ ሳቅ የለም።

"አሁን ነገረችኝ" አለ እያለከለከ። "አላወቅሁም ወንድሜ። ባውቅ እጀታውን አልነካውም ነበር።"

"ባለማወቅህ ነው ደህና አድርገህ የሳብከው።"

"ብቻህን አትቀርም፤ ላግዝህ?"

"በዚች አልቸገርም።" ግንዱ መጥረቢያውን ጉቶው ላይ ተከለ። ከዚያ ስለ ራሱ ለሰው አቅርቦት የማያውቀውን ጥያቄ አቀረበ። "ስለ እኔ ምን ትላለች?"

ሸንበቆው መዳፉን በሱሪው ጠረገ። "ክፉ ተናግራብህ አታውቅም" አለ።

"ደግስ?"

"ሰው እኮ ያለፈውን..."

"እውነቱን ንገረኝ።"

ሸንበቆው እግሩን እያየ ተናገረ። "ምንም ብላ አታውቅም። ባል እንደነበራት አውቃለሁ እንጂ እንጨት ቆራጭ መሆኑን የሰማሁት ዛሬ ነው። መጋዝ የት ለመድሽ ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር።"

"ምን አለችህ?"

"'ከሰው' አለችኝ።"

"ከሰው" አለ ግንዱ።

"ከሰው።"

ግንዱ ራሱን ነቀነቀ። "ሂድ፤ እንዳትጠብቅህ" አለው። ሸንበቆውም ሄደ፤ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ።

ማጠፊያው ሦስት ምት አልፈጀም። ዛፉ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ፣ ገመዱን አስከትሎ ወረደ፤ ውሃው ተቀብሎ አዙሮ ወሰደው። ማዶ ገና ማንም አልደረሰም፤ ዳገቱም ላይ የቀረ አልነበረም። ግንዱ መጋዙን ከወደቀበት አነሳ። ጉቶው ላይ ተቀመጠና ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።